ጆሮ የማይሰማው ጡሩምባ

ሰኞ

በዚህ ከተማ ማንበብና መጻፍን እንደኔ በፍጥነት የጨረሰ ሰው የለም። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ራሳቸው በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብለውኛል። እሺ፣ ያሉኝ አርፍጄ በሩን ስከፍት ነው። ቢሆንም ብለውኛል።

ሲያሰናብቱን ደግሞ «የማይጽፍ እጅ ይዝጋል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ» አሉን። የዝገትን ነገር ለኔ! ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ጭስ ማውጫ፣ ባልዲ። ይኸው እጽፋለሁ።

በዚህ ዕድሜህ ምን ትምህርት ቤት አስገባህ የሚለኝ ሰው አለ። ምሽቱ ረዘመብኝ፣ ገባሁ። ድሮ የምታነብልኝ ባለቤቴ ነበረች። የመብራቱን ወረቀት፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የጋዜጣውን ቀልድ። አሁን አታነብልኝም። ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ

ዝናብ። ጠዋት እሷን ወደ መናኸሪያ። ከዚያ ሱቅ። ማታ እሷን ከመናኸሪያ። እግሬ የሰው እግር መስሎኛል።

ረቡዕ

ዛሬ ሥራ ስለቀዘቀዘ በደንብ እጽፋለሁ።

መናኸሪያው ውስጥ በድምፅ ማጉያ አውቶቡስ የምትጠራው የኔ ሚስት ናት። «ተሳፋሪዎቻችን፣ ሻንጣችሁን ሳትረሱ» የምትለዋ። ከተማው ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ ፊቷን የማውቀው እኔ ነኝ። የመውጫ ሰዓቱን በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች። ስለዚህ ለሥራው ዓይን አያስፈልጋትም። ዓይን የሚያስፈልጋት ለመንገዱ ነው። ዓይኗ መጀመሪያ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ጠበበ፣ አሁን ቀዳዳው ራሱ ተደፍኗል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች። ሐኪሙ የሚቀደድም የሚሰፋም ነገር የለም ብሏል።

መንገዱ በጨርቅ ተራ ያልፋል። መሬት ላይ ያለውን ነገር በትሯ ታገኘዋለች። ደረትና ፊት ላይ የሚመጣውን ግን በትር አያገኘውም። ካፖርት ሻጮቹ ዕቃቸውን ከታዛው አውጥተው መንገድ ላይ ይሰቅላሉ። ፍራሽ ሻጩም ፍራሹን ግማሹን ደጅ ያስተኛዋል። ባለፈው ሳምንት እኔን ስትጠብቅ ስትጠብቅ ሲሰለቻት ብቻዋን ወጣች። የካፖርት መስቀያ ብረት ግንባሯን ተረተረው። መሀረቧን ግንባሯ ላይ ይዛ አውቶቡሶቹን ጠርታ ዋለች።

የዚያን ዕለት ማታ አለቃዋ ጠሩን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«እመቤቴ፣ እንዳንቺ ያለ ድምፅ አላገኝም» አሏት። «ግን መንገድ ላይ ብትጎጂ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰው ያመጣሻል እንዳልል ደግሞ የሚያመጣሽ ሰው...» ብለው አዩኝ። «ሁለቴ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይጠራ ወጥቷል። ሰው ከነሻንጣው ቀረ። እስከ ወሩ መጨረሻ በሰዓትሽ በራስሽ መምጣት ካልቻልሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

የማረፍደው አሸንዳ ሊጠገን ሰው በር ላይ ስለሚይዘኝ ነው። አንዳንዴ። አንዳንዴ ደግሞ ወሬ ይዞኝ ነው።

ዓርብ

ጨርቅ ተራ ስናልፍ አንዱ ተሸካሚ ለጓደኛው፣ «ያቺን ሴትዮ ባሏ እንደ ዕቃ ተሸክሟት ይዞራል፤ ኪራይ ስንት ይቀበል ይሆን?» አለ።

እኔ አልሰማሁም ብዬ ቀልድ ጀመርኩ። እሷ ሰምታለች። እጇን ከእጄ አወጣች። ቤት ደጃፍ ስንደርስ ብቻ ተናገረች፦

«ከነገ ጀምሮ አትያዘኝ። እኔ ክንድህን እይዛለሁ። ልዩነቱ ከገባህ።»

ገብቶኛል አልኳት። ገና እየገባኝ ነው።

ሰኞ

ጎረቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሁሉም ሰው «ሞገድ» ይለዋል። በሱቃችን መካከል ያለችው አንዲት ሳንቃ ብቻ ስለሆነች የሱን ፉጨት እኔ፣ የኔን መዶሻ እሱ ስንሰማ ኖረናል። ዛሬ ሳንቃዋን አንኳኳ።

«የሌሊት ወፍ ታውቃለህ?»

«አብረን ነው ያደግነው።»

«በጨለማ ስትበር ግድግዳ የማትመታው ለምን ይመስልሃል?»

«ሚስቷን የምታደርስበት ሰዓት ስለሌላት።»

አልሳቀም። ሞገድ የሚስቀው የሞተ ሬዲዮ ሲነሳለት ብቻ ነው። በመዳፉ አንድ ትንሽ ነገር አሳየኝ። ሁለት ክብ የብረት ዓይኖች ያሉት፣ የጉጉት ፊት የመሰለ። ሴንሰር ነው አለኝ። አንደኛው ዓይን ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይጮኻል። ድምፁ ሄዶ ዕቃ ይመታና ይመለሳል፤ ሁለተኛው ዓይን ያዳምጣል። ቶሎ ከተመለሰ ዕቃው ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ የሚያሰኘው ይኸው ነው።

«አልትራሶኒክ ይባላል።»

«ማን አረገዘ?» አልኩት።

አሁንም አልሳቀም። ይህን ደረቷ ላይ እናስራለን፣ የእጇ አንጓ ላይ ደግሞ ከአሮጌ ስልክ የወጣች ትንሽ ሞተር እናስራለን፤ ከፊቷ ነገር ሲኖር ሞተሯ ትርገበገባለች አለኝ። ልቤ በአንዴ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

ረቡዕ

ሞከርነው። ግድግዳ፣ አወቀ። የብረት በር፣ ከሩቁ አወቀ። እኔ በሸሚዝ ስቆም፣ አወቀ። ካፖርት ለብሼ ስቆም፣ ዝም። አፍንጫዬ ዕቃውን ሊነካ ሲል ነው የነቃው።

«ወፍራም ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል» አለ ሞገድ። «የሚመለሰው ሹክሹክታ ነው፤ የሴንሰሯ ጆሮ ትንሽ ስለሆነች አትሰማውም።»

የእኛ መንገድ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጨርቅ ነው! በመጨረሻ ሞገድ፣ «ሽማግሌ ጆሮ ሲከብደው ምን ያደርጋል?» አለና መዳፉን ጆሮው ላይ እንደ አሞራ ክንፍ አደረገው። «ጡሩምባ ያስፈልጋታል። ለሚጮኸውም ለሚሰማውም። ድምፁን ሰብስቦ ወደ ፊት የሚልክ፣ ሹክሹክታውን ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ።»

የቆርቆሮ ጡሩምባ! ለማን ነገርከው ወንድሜ! የጭስ ማውጫ ቆብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሐሙስ

ቆረጥኩ። ጠቀለልኩ። በየድኩ። ሞገድ ሥዕል ልሥራልህ አለኝ፤ አያስፈልግም አልኩት።

ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። ግን እጁ ይዝጋል ተብሏል።

የሠራሁት ጡሩምባ ያምር ነበር። አሁንም ያምራል፤ ሱቅ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። አንድ ትልቅ አፍ፣ ሁለቱንም ዓይኖች አንድ ላይ የሚሸፍን፣ በቀለጠ እርሳስ ጥብቅ አድርጌ የበየድኩት። እስኪያበራ ጠርጌዋለሁ። ሞገድ ሬዲዮ ሊያደርስ ወጥቶ ነበርና አልጠበቅኩትም። ለሷም ደረቷ ላይ አሰርኩላትና ወደ ጨርቅ ተራ ይዣት ሄድኩ። ይዣት አይደለም፤ ክንዴን ይዛ።

መንገዱ መካከል ቆሜ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። «ኑ፣ እዩ! በደረት የምታይ ሴት!» ሰው ተሰበሰበ። ካፖርት ሻጩ ወጣ፣ ያ ተሸካሚም ነበር። እሷ በጆሮዬ፣ «ይሄ ነገር ዝም ብሎ ይርገበገባል፤ ከቤት ጀምሮ አላቆመም» አለችኝ። «ነገር ስለበዛ ነው፤ ሂጂ» አልኳት።

ሄደች። ቀጥ ብላ ከተሰቀለው ካፖርት ገባች። እጀታው አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ሰው ሳቀ። ጡሩምባው መስቀያውን መትቶ እንደ ባልዲ ጮኸ፤ ሰው የባሰ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እንጃ። አፌ ለምዶበት ነው።

ካፖርቱን ከአንገቷ ራሷ ፈታች። ዕቃውን ከነጡሩምባው ከደረቷ አውልቃ እኔ አለሁበት ብላ ወደገመተችው አቅጣጫ ዘረጋችው።

«ይሄ የተሠራው ላንተ ነው» አለች። «ለኔ ስትሠራ ንገረኝ።»

እሑድ

አላናገረችኝም። ጋዜጣ አነበብኩላት። ቀልዱን ዘለልኩት።

ማክሰኞ

ዛሬ ሞገድ ጡሩምባውን አገላብጦ አይቶ ሳንቃው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። «ጩኸቱን ከጆሮው ጋር አንድ ቤት ቆልፈህባቸዋል!» አለ። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ማታ ለሷ እንዲያው እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ አወራሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፦

«ማይክሮፎኑን ድምፅ ማጉያው አፍ ላይ አስቀምጠኸዋላ» አለች።

«እ?»

«አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ቀን የሚሠራው ጥፋት ነው። ከማጉያው የሚወጣው ተመልሶ በማይክሮፎኑ ይገባል፣ ከዚያ ዕቃው የራሱን ድምፅ እየሰማ ሲጮህ ይውላል። ያንተም ጡሩምባ ውጭ ያለውን ካፖርት መቼ ሰማ? ራሱን ነበር የሚሰማው።»

ደግሞ ጨመረች፦ «እንደ አንድ የማውቀው ሰው።»

ሳቀች መሰለኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስለነበር አላየሁም።

ረቡዕ

ለየብቻ። ሁለት ጡሩምባ። በመካከላቸው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ። ከበታቻቸውም ላስቲክ፤ ብረት ከብረት ከተነካ ጩኸቱ በገላው በኩል ሾልኮ ይሄዳል አለ ሞገድ። ዛሬ ሥዕሉን እሱ ሠራ። አልተከራከርኩም። ትንሽ ተከራከርኩ።

ዓርብ

አሁን ካፖርት አወቀ! ግን ሌላ ጣጣ። ክንድ የሚያህሉ አድርጌ ነው የሠራኋቸው፤ ረጅም ሲሆን ሩቅ ያያል ብዬ። ሩቅስ ያያል፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ቀጥ ያለውን ብቻ። ከጎን የቆመውን ፍራሽ ሳያይ አለፈው። እሷም ጣቷን በርዝመታቸው አሳልፋ፦

«ደረቴ ላይ ሁለት ቱቦ ሰክቼ መናኸሪያ ልግባ? ተሳፋሪው ከኔ ውሃ ሊቀዳ ነው።»

«ከተማው ሁሉ ያይሻል እኮ!»

«አንተን ይይ። እኔ እንዳልታይ ነው የምፈልገው።»

ሞገድም ድምፁ እንደዚህ ቀጭን ሲሆን ትልቅ አፍ አያስፈልገውም፣ ትንሽም ይበቃዋል አለ። ወሽመጤ ተቆረጠ። በሕይወቴ ትንሽ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ትልቅ ነገር ሠርቼ ከሩቅ ማሳየት ነው ልማዴ።

የወሩ መጨረሻ ደርሷል። አለቃዋ ትናንት አንዲት ሴት ማይክሮፎኑ ላይ አስቀምጠው ድምፅዋን ሞከሩ። እሷ እዚያው ቆማ ሰማች። «ጥሩ ድምፅ አላት፤ ብቻ ትቸኩላለች» አለችኝ። ራቷን አልበላችም።

ሰኞ

ደክሞኛል። ዝናቡ ጣሪያ ሁሉ ስላፈሰሰ ሰው በር ላይ ተሰልፏል፤ ነገ ነገ እያልኩ እመልሳለሁ።

ቆርቆሮውን ትቼ መዳብ ያዝኩ። በእሳት አለስልሼ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ በቀስታ እየመታሁ። ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ አበባ አፍ ቀስ እያለ የሚከፈት። ሞገድ እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ «ድምፅ ከጠባብ ጓዳ ድንገት ሜዳ ላይ ከተጣለ ይደነግጣል፤ ግማሹ ወደ ጓዳው ይመለሳል። ቀስ እያልክ አስፋለት፣ ሳያውቀው ሜዳ ላይ ይገኝ።»

ሁለት ተሰነጠቁብኝ። ሦስተኛው ጠመመ። መዶሻዬ ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው፤ እኔም።

ረቡዕ

ከጠርሙስ ክዳን ትንሽ የሚሰፉ ሁለት የመዳብ አበቦች። ውስጣቸውን በአሸዋ ወረቀት እስኪልስ አሸሁት፣ ስፌቱ ለጣት አይታወቅም። ማንም አያየውም፤ ዝናብ እንዳይገባ ብላ እሷ ስስ ጥቁር ጨርቅ አለበሰቻቸው። እኔ የጠረግኩት መዳብ ከጨርቅ ሥር ተቀበረ። ሆድ ባሰኝ፤ ግን አልተናገርኩም። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አለመናገር።

ማታ ጓዳችን ውስጥ የሰው ካፖርት ተውሰን ከገመድ ላይ ሰቀልን፣ ፍራሻችንንም አቆምነው። እሷ መካከሉ ሄደች። ቆመች። ዞረች። ሄደች። ቆመች። ሞገድ ሳቀ! ሬዲዮ ሳይኖር ሳቀ።

«ለኔ ነው?» አለችኝ ጨርቁን እየዳሰሰች።

«ላንቺ ነው።»

«ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ። እንዳትከተለኝ። ብትከተለኝ የእግርህን ኮቴ አውቀዋለሁ፤ እንደ ጋሪ ነው።»

«አልከተልሽም።»

«ማል።»

«መዶሻዬ ይሰበር።»

ሐሙስ

የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ሸኘኋትና ወደ ሱቄ ሄድኩ። ማታ ስትመጣ የነገረችኝን ልክ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ከደጃፉ ወጥታ ትንሽ ቆመች፤ ሻሿን አጠበቀች። ዝናቡ ካፊያ ነበር። በትሯ መሬቱን፣ ደረቷ ላይ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ጆሮዎች አየሩን እየዳበሱ ሄደች። ድሮ ከምትሄደው ቀስ ብላ፣ እኔ ከማስሄዳት ፈጠን ብላ።

ካፖርቶቹ ጋ ስትደርስ አንጓዋ ተርገበገበ። ቆመች። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ የአንዱን ካፖርት እጀታ ነካችና፣ «ይቅርታ ጌታዬ» አለችው። ሰው መስሏት ነው። ባለሱቁ ከውስጥ፣ «ምንም አይደል» አላት። ካፖርቱን ዞራ አለፈች፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ሰው ያሳለፈች እንጂ ካፖርት የሸሸች አትመስልም ነበር።

ፍራሹንም እንዲሁ። ግንባሯን የተረተረው መስቀያ ሥር ስትደርስ ቆማ ቀና አለች፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ሳትል በጎኑ አለፈችው።

አውቶቡሶቹ ከሚገቡበት በር አጠገብ ያ ተሸካሚ የምንጣፍ ጥቅል ታቅፎ ፊቱ ተሸፍኖ እየሮጠ መጣ። አንጓዋ ነግሯት ኖሮ ቀጥ ብላ ቆመች፤ የተጋጨው እሱ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይን የለሽም እንዴ!» ብሎ ጮኸባት።

«አንተ ባለህስ ምን ሠራህበት?» አለችው።

አጉረምርሞ እንደ ማንኛውም ሰው ሰድቧት ሄደ። በትሯን አላየም፤ ጥቅሉ ጋርዶታል። እሷ ስድቡን ሰምታ ፈገግ አለች። እንዲህ ፈገግ ስትል ካየኋት ቆየሁ።

ደረጃው ላይ መሀረቧን አውጥታ ጥቁሮቹን ጨርቆች ከካፊያው ጠረገች። ገባች። ጥቂት ቆይቶ በግቢው ሁሉ ድምፅዋ መጣ፦ «ተሳፋሪዎቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።» የመጀመሪያው አውቶቡስ በሰዓቱ ወጣ። አለቃዋ በመስኮቱ ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ሻያቸውን አነሱ።

እንግዲህ እስካሁን በዚህ ደብተር ጉራ ነዝቼ ይሆናል፤ ውሸት ግን አልጻፍኩም። ዛሬ አንዲት ነገር ፈጠርኩ። እሱም «ነገረችኝ» ያልኩት ነው። እሷ ማታ ገብታ የነገረችኝ፣ «ደረስኩ፤ ሥራዬም ሥራዬ ነው» ብቻ ነው። የቀረውን በዓይኔ ነው ያየሁት። ከኋላዋ ራቅ ብዬ፣ ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ፣ በካልሲ።

አሁን ካልሲዬ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል። ቅድም እሷ በዚያ ስታልፍ እጇ ነካው። ርጥብ ነው። ጣቶቿ እላዩ ላይ ትንሽ ቆዩ፣ ወደኔም ዞረች። ሌላውም በኩል እንዲደርቅ ገልብጣ ሰቀለችው።